ምድጃው ሲደክም የሚጋገር ዳቦ

አባቴ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ጋጋሪ ስላችሁ ዝም ብሎ ዳቦ ደርድሮ የሚሸጥ ሰው አይምሰላችሁ። ሊጡን በሁለት ጣቱ ነካ አድርጎ «ይህ ገና ነው» ወይም «ቶሎ በሉ፣ ሊያልፍበት ነው» የሚል፣ የምድጃውን ሙቀት ክንዱን ወደ ምድጃው አፍ ዘርግቶ በቆዳው የሚለካ ሰው ነበር። ከዚህ የተነሳ ቀኝ ክንዱ ላይ አንዲት ፀጉር አልነበረችም። እኔ ልጅ ሆኜ አባት የሆነ ሰው ሁሉ አንድ ክንዱ ፀጉራም፣ አንዱ ልሙጥ ሆኖ የሚፈጠር ይመስለኝ ነበር።

ቤታችንና ዳቦ ቤቱ የተያያዙ ነበሩ። ከፊት መሸጫው፣ ከመሸጫው ኋላ ምድጃው ያለበት ክፍል፣ ቀጥሎ ጠባብ ግቢ፣ ከግቢው ማዶ እኛ የምንኖርባቸው ሁለት ክፍሎች። እማዬ መሸጫው ላይ ትቆማለች። ከአባዬ ጋር የሚሠራ አንድ ጋጋሪ ነበር፤ ሲሠራ ስለሚያፏጭ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ፉጨት ይለዋል። የሚያውቀው ዜማ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ከመሃል ጀምሮ ከመሃል ይተወዋል።

ጠዋት የመጨረሻው ሊጥ ተቆርጦ ወደ ምድጃ ሲገባ ገበታው ላይ ተጣብቆ የሚቀር ሊጥ አለ። አባዬ ያንን በቢላ ጀርባ ፍቆ ይሰበስበውና እንቁላል የምታህል ድቡልቡል ያደርገዋል። ከዚያ መሃሉን በአውራ ጣቱ ጫን ይልና በጉድጓዱ ውስጥ ስኳር ይነሰንሳል። «አውራ ጣት» ነበር የምንለው። የኔ ድርሻ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ መሸጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ፣ ጠርዟ በተላላጠች ትንሽ ሳህን ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ከመብላቴ በፊት የራሴን ጣት ጉድጓዱ ውስጥ እከትታለሁ። በአባዬ ጣት ልክ በተሠራው ጉድጓድ የኔ ጣት ትዋኝበታለች። አድጌ እንደሆነ የምለካው በዚያ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ትምህርት የሌለበት ቀን ስለነበር ምድጃው ክፍል በር ላይ ተቀምጬ አያቸዋለሁ። ጋሽ ፉጨት ከምድጃ የወጣ የዳቦ ላሜራ ከእጁ አመለጠውና የአባዬ እግር ላይ ወደቀ። አባዬ ክፍት ጫማ ነበር ያደረገው። ግን ምንም አላለም። ሊጡን መቁረጡን ቀጠለ።

ጋሽ ፉጨት ፉጨቱን አቆመ። «ጋሼ» አለ፣ «እግርዎ።»

አባዬ ዝቅ ብሎ አየ። ላሜራው ገና እግሩ ላይ ነው። የሆነ ነገር ሲቃጠል ሸተተኝ። አባዬ ላሜራውን በጨርቅ አንስቶ ወደ ጎን አደረገውና «ምንም አይደል፣ ሥራህን ሥራ» አለው።

በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ። በማግስቱ አባቴን እሳት አያቃጥለውም ብዬ ለክፍላችን ልጆች በሙሉ አወራሁ። አንዷ ብቻ አላመነችም፤ ከእሷ ጋር ተጣላን።

ያ ጀግንነት ያልኩት ነገር ምን እንደነበረ የገባኝ በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ አንዲት ወጣት ሐኪም እግሬን በቀጭን ነገር እየነካች «እማማ፣ ይሰማዎታል?» ስትለኝ ነው። አንዳንዱ ቦታ ተሰማኝ። አንዳንዱ ቦታ ዝም አለ።

የአባዬ ቁስል አልድን አለ። እማዬ ክሊኒክ ወሰደችው፤ ሲመለሱ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ነበሩ፤ ሁለቱም አይነጋገሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ ከምድጃው ፊት ተነሳ። ከግቢው ማዶ ባለችው ክፍላችን በመስኮቱ አጠገብ ወንበር ተደረገለት፤ እግሩ በርጩማ ላይ ተሰቀለ፤ በየሁለት ቀኑ ነርስ እየመጣች ታጥብለታለች። ምድጃው ለጋሽ ፉጨት ቀረ። አውራ ጣትንም የሚጋግርልኝ እሱ ሆነ።

እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። እማዬ ምድጃው ክፍል ገብታ ጋሽ ፉጨትን እንዲህ ስትለው ሰማሁ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ዳቦ እንዳትሰጠው። ቢለምንህም እንዳትሰጠው። ቢቆጣህም።»

«እትዬ፣ እንዴት ብዬ ነው ባለቤቱን የምከለክለው?»

«እኔ ከልክላኛለች በል።»

ሌላ ቀን ደግሞ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መጥታ፣ ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እማዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እንዲህ ከቀጠለ እግሩን ይቆርጡታል» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯን መጠጠች።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ይዛ ምን ትላለች? ተጣልተዋል አልኩ። አባዬ የሆነ ጥፋት አጥፍቷል፤ እማዬ ዳቦ ከልክላ ቀጣችው፤ ካልታረመ ደግሞ ሰዎች ጠርታ እግሩን ታስቆርጠዋለች። እንደዚህ ነው የገባኝ። ማንንም አልጠየቅኩም። የሚያስፈራ ነገር አይጠየቅም።

ከዚያ አልሞንዱ መጣ።

ኦቾሎኒ አይደለም፤ ያ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ ልጣጭ የለበሰው ፍሬ ነው። እማዬ ክሊኒኩ ውስጥ ከነርሷ ሰምታ ይሁን ከሌላ፣ የስንዴ ዱቄት የደም ስኳሩን እንደሚያንረው፣ የአልሞንድ ዱቄት ግን እንደዚያ እንደማይጎዳው አወቀች። በከረጢት አስመጣችው። የፈላ ውሃ ታፈስበታለች፣ ጥቂት ትጠብቃለች፣ ከዚያ አንድ በአንድ በሁለት ጣቷ መሃል ጨመቅ ስታደርገው ፍሬው ከልጣጩ ተፈናጥሮ ይወጣል። ነጭ ሆኖ፣ ራቁቱን። ደግሞ ማድረቅ አለ። ደግሞ መፍጨት አለ፤ ትንሽ ካስረዘመችው ዱቄትነቱ ይቀርና ቅባት ይሆናል። ደግሞ መንፋት፣ ከወንፊቱ ላይ የቀረውን እንደገና መፍጨት። መሸጫው ላይ ቆማ ውላ ነው ይህን ሁሉ የምትሠራው። የጣቶቿ ጫፍ ሁልጊዜ የተሸበሸበ ነበር።

«ዶሮዎቹ ሁሉ ላንቺ ብቻ ነው እንዴ የሚጥሉት?» ትላታለች ልብስ ሰፊዋ፣ የእንቁላሉን ቅርፊት ክምር እያየች።

«ያለ እንቁላል አልያዝ አለኝ።»

ጋሽ ፉጨትም ሊጡን ነካክቶ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። «እትዬ፣ ይህ ጅማት የለውም። የስንዴ ሊጥ ሲጎትቱት ይከተላል። ይህ እኮ አሸዋ ነው።»

የመጀመሪያዎቹን የአልሞንድ ዳቦዎች ጠዋት ከስንዴው ዳቦ ጋር ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው። ላያቸው ከሰል፣ ውስጣቸው ገንፎ ሆነው ወጡ። ከብዙ ሙከራ በኋላ አንዱ ትንሽ ደህና ሆነላትና ለአባዬ በሳህን አቀረበችለት።

አባዬ ሳህኑን አዙሮ አየው። «ምንድን ነው?»

«ዳቦ።»

ሊቆርሰው ሲል እጁ ላይ ተፈረካከሰ። «ሠላሳ ዓመት ጋግሬያለሁ። ይህን ዳቦ ካልሽው፣ እኔ እስከ ዛሬ ስጋግር የኖርኩት ምንድን ነበር?»

«ብላው ብቻ።»

«ለወፎች በትኚላቸው።»

«ወፎቹ ስኳር የለባቸውም» አለችና ሳህኑን እዚያው ትታለት ወጣች።

አልበላውም። በማግስቱም አልበላም። ለማን አዘንኩ መሰላችሁ? ለአባዬ። ምድጃ ሙሉ ዳቦ እየጋገረ የኖረ ሰው የተቃጠለ አሸዋ ይበላ ዘንድ ተፈረደበት አልኩ።

ስለዚህ መስረቅ ጀመርኩ። መስረቅ እንኳን አይባልም፤ የራሴን ነው። አውራ ጣቴን ከሳህኗ አነሳና ደብተሬ መሃል ከትቼ ግቢውን እሻገራለሁ። መጀመሪያ ቀን አባዬ ዳቦውን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ያንቺ ነው እኮ፣ እሙዬ።»

«ጠግቤያለሁ።»

«ምን በልተሽ?»

ዳቦውን ወደ እጁ ገፋሁለት። ዳቦውን ተቀበለኝ። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የበላው። ጉድጓዱ ውስጥ የደረቀውን ስኳር በምላሱ ጫፍ ላሰው፤ ሲጨርስ መዳፉን ብርድ ልብሱ ላይ አራገፈ። «እናትሽ እንዳታይሽ» አለኝ።

ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳገኘኋት በጣቴ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ።

ሦስት ሳምንት በየቀኑ ወሰድኩለት። ሦስት ሳምንት። ይህን ቁጥር አሁንም አልረሳውም። እኔ አንዲት ቁራሽ እንኳን ለራሴ አልቀነስኩም፤ በጣም እየራበኝ ግቢውን ስሻገር ሽታው ደብተሬን አልፎ ይመጣብኝ ነበር። ስኳሩን አልላስኩም። የተቀጣ ሰው ምግብ ላይ እጅ አይዘረጋም ብዬ።

በእነዚያ ቀናት ነው አባዬ ከመስኮቱ አጠገብ ሆኖ አፍንጫውን አንስቶ «አሁንም አቃጠለችው» ያለው። ለኔ አልነበረም የሚያወራው፤ ለምድጃው ነው። «ቅባት ያለው ነገር ጠዋት ይጋገራል? ምድጃው ሲደክም ነው እንጂ።» ምድጃው ሲደክም የሚሉት እሳቱ ከወጣ በኋላ፣ ከሰዓት፣ ድንጋዩ የያዘው ሙቀት ቀስ እያለ ሲወርድ ነው። እኔ ደግሞ ወሬ አይቆይብኝም፤ ሄጄ ለጋሽ ፉጨት ነገርኩት። ከዚያ በኋላ እማዬ የአልሞንዱን ነገር ከሰዓት መጋገር ጀመረች። አላቃጠለችም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ የአባዬን ብርድ ልብስ ልታራግፍ ግቢው ውስጥ ቆማለች። አላራገፈችውም። በአንድ እጇ ይዛ በሌላው መዳፏ ላይ የሆነ ነገር አድርጋ ወደ ብርሃኑ ታየዋለች። ጠጋ ስል አየሁት። የስኳር ፍርፋሪ ነው፤ ቡናማ፣ ተቃጥሎ የጠነከረ። እንዲህ ያለ ስኳር ከአውራ ጣት ሌላ የትም አይገኝም።

አሁን ትመታኛለች፣ ከዚያ ሰዎቹን ትጠራለች አልኩ።

እማዬ መዳፏን ጨበጠች። «ትምህርት እንዴት ዋለ?» አለችኝ።

«ደህና።»

«እሺ። ልብስሽን ቀይሪ።»

ሌላ ምንም የለም። ለምን ዝም እንዳለችኝ ለመረዳት አርባ አምስት ዓመት ፈጀብኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሳህኗ ባዶ ሆነች። ጋሽ ፉጨትን ስጠይቀው ፊቱን ወደ ምድጃው አዙሮ «ሊጥ አልተረፈም» አለኝ። ሊጥ የማይተርፍበት ቀን አይቼ አላውቅም ነበር። በአራተኛው ቀን ግን አውራ ጣት ሳህኗ ላይ ነበረች።

ሁለት ነገር ተለውጧል። አንደኛ፣ ለብ ያለች ነበረች። በፊት ጠዋት ተጋግራ እስክመጣ ትቀዘቅዝ ነበር። ጋሽ ፉጨት ራርቶልኝ ምድጃ አጠገብ አቆይቶልኛል አልኩ። ሁለተኛ፣ እንደ ልማዴ ጣቴን ጉድጓዱ ውስጥ ስከትት ጣቴ አልዋኘችም። ጉድጓዱ ጠብቧል። አደግኩ ብዬ ትንሽ ደስ አለኝ፤ ቆይቼ ግን በሦስት ቀን ይህን ያህል አይታደግም ብዬ ተውኩት። ጋሽ ፉጨት ስስት ጀምሮታል፣ በጣቱ ጫፍ ብቻ ነው የሚጫነው ብዬ ደመደምኩ። ስኳሩም ደቀቅ ያለ፣ ነጣ ያለ ነበር። እሱንም ከስስቱ ቆጠርኩት።

ወሰድኩለት። አባዬ ገመጠ። አላመጠ። ከዚያ ማላመጡን አቆመ።

ዳቦውን ከአፉ አራቀና ጉድጓዱን አየው። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ግቢው አየ። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታን ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ሆና ዱቄት በወንፊት ትነፋለች፤ ትከሻዋ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ አንገቷ ላይ ነጭ ዱቄት አለ።

«ማን ነው የሰጠሽ?»

«ጋሽ ፉጨት።»

«ጋሽ ፉጨት» አለ አባዬ። «እጁ ተለውጧል።»

«አይጥምም?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት የራሱን ትልቅ አውራ ጣት በዚያች ጠባብ ጉድጓድ ላይ አሳረፈ። አልገባም፤ ላዩ ላይ ብቻ ቀረ። «ይጥማል» አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ፍርፋሪዋን ከጭኑ እየለቀመ፣ ሁሉንም በላ። ከታመመ ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ነገም አምጪልኝ። ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪ።»

እሱን ማን ይነግራል።

ሳምንት ሳይሞላ ግን አባዬን ሆስፒታል ወሰዱት፤ ሲመለስ ከግራ እግሩ ሁለት ጣቶች አልነበሩም። ለኔ ማስረጃው ተሟላ። እማዬ ያለችውን አደረገች። ደግነቱ ሙሉ እግሩን አላስቆረጠችም፤ ምናልባት ለምነዋት ይሆናል አልኩ።

እማዬን ማናገር አቆምኩ። ስትጠራኝ እሄዳለሁ፣ ስትልከኝ እላካለሁ፤ ቃል ግን የለም። ፀጉሬን ስትሠራልኝ አንገቴን አደነድናለሁ። አልጋ ላይ ጀርባዬን እሰጣታለሁ። አንድ ከሰዓት አልሞንድ እየላጠች ሳለ አጠገቧ ቆሜ «አንቺ ክፉ ነሽ» አልኳት። ለምን በዚያን ቀን እንደሆነ አላውቅም። ሞልቶ ይሆናል።

ጣቶቿ መሃል የነበረው ፍሬ ተፈናጥሮ መሬት ወደቀ። አየችው። ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ አጥባ ወደ ሌሎቹ ጨመረችው።

«እሺ» አለች። «እጅሽን ታጠቢና ምሳሽን ብዪ።»

ልጆቼ፣ እኔ እስከ ዛሬ ስንት ሰው አስቀይሜያለሁ፣ ስንቱስ አስቀይሞኛል። በዚያች «እሺ» ውስጥ የነበረውን የሚያክል ድካም ግን በማንም አፍ ሰምቼ አላውቅም።

ከሆስፒታሉ በኋላ አባዬ የእማዬን የአልሞንድ ዳቦ ገበታ ላይ መብላት ጀመረ። ፊቱን አጨማድዶ፣ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው። «ምን ይደረግ፣ ታስሬያለሁ» እያለ፣ በውሃ እያወረደ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ እኔ ከደብተሬ መሃል የማወጣለትን አውራ ጣት በጉጉት ይቀበለኛል። ሁልጊዜ ከመብላቱ በፊት ጣቱን ጉድጓዱ ላይ ያሳርፋል። እንደኔ የሚለካ ነበር የሚመስለኝ። ቁስሉ ደረቀ። ክረምቱ ሲያልፍ ጫማ አደረገ። በስምንት የእግር ጣት ምድጃው ፊት ተመልሶ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ኖረ። ያዳንኩት እኔ ነኝ ብዬ አድጌያለሁ።

እናቴን ግን በልቤ ይቅር ያልኳት ካገባሁ በኋላ ነው፤ እሱም በግማሹ። ትልቅ ሰው ስሆን ስኳር ምን እንደሆነ አወቅኩ፤ ዳቦ ለምን እንደተከለከለ አወቅኩ። ያኔ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ፦ አባዬን የመገብኩት መርዝ ነበር ማለት ነው። እነዚያ ሁለት ጣቶች የኔ ሥራ ናቸው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለእሷማ እንዴት ብዬ።

ከዚያ ስኳሩ ለኔም ደረሰኝ።

እናቴ ያኔ ሰማንያ አልፏታል። ዓይኗ ደክሟል፣ እግሯ ደክሟል፣ እኔም ደክሞኛል። መታመሜን ስትሰማ ከአልጋዋ ተነስታ «አልሞንድ አስመጪ» አለች። የኔ ምድጃ የኤሌክትሪክ ነው፣ አልሞንዱም ተፈጭቶ በከረጢት ይመጣል። ከረጢቱን በጣቷ አሽታ «ሸካራ ነው፣ ንፊው» አለችኝ። ነፋሁት። ምድጃውን አግዬ እንዳጠፋው አዘዘችኝ። እንቁላሉን መታሁት፣ ጨው ቆንጠር፣ ቤኪንግ ፓውደር ጥቂት። «ሊጡን አትጠብቂው፣ አይነሳልሽም፤ የተሰጠውን ያህል ነው» አለች።

እንቁላል የምታህል ድቡልቡል ሠርታ ላሜራው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ፣ ለመቶኛ ጊዜ እንደምታደርገው ሁሉ፣ መሃሉን በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። አንድ የተላጠ አልሞንድ በማንኪያ ጀርባ አድቅቃ ጉድጓዱ ውስጥ ነሰነሰች። ነጭ፣ ደቃቅ። ከሩቅ ሲያዩት ስኳር ነው።

ጉድጓዱን አየሁት። ጠባብ ነው።

ዱቄት በነካው እጄ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «እማዬ» አልኳት፣ «አንቺ ነበርሽ?»

ምኑን ብላ አልጠየቀችኝም። «እና ማን ሊሆን ኖሯል?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ፊትሽ ይነግረው ነበር። ከኔ እጅ አልበላ አለ። ሽማግሌ ላክሁ፣ ነርሷን ለመንኩ፣ ወይ ፍንክች። ከዚያ ስኳሩን ብርድ ልብሱ ላይ አገኘሁ። ተናድጄ ነበር፤ ልገርፍሽ ነበር። ቆይቼ፣ ካንቺ እጅ ይበላል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሦስት ቀን ፈጀብኝ ቅርጹን እስካገኘው። ጋሽ ፉጨት ነው ያሳየኝ።»

«ክፉ ነሽ ብዬሻለሁ እኮ።»

«ብለሻል» አለች፣ እንደዋዛ። «አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈራው። አንድ ቀን ቆርሰሽ ብትቀምሺው አለቀ። ያው ጣዕሙ ሌላ ነው፣ ትነቂ ነበር። አንድም ቀን አልቀመስሽም። ለወራት ከምድጃው ክፍል በር ሆኜ አይሻለሁ፣ እየራበሽ ሳትነኪው ትሻገሪያለሽ። ስግብግብ ልጅ ብወልድ ኖሮ አባትሽ አይተርፍም ነበር።»

እንባዬ መጣ። ስለዚያ ስለ ሦስቱ ሳምንት ጠየቅኋት፤ ስለ እውነተኛው ስኳር፤ ስለ ሁለቱ ጣቶች። እናቴ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ እያሻሸች ቆየች። «እነዚያማ ላሜራው የወደቀ ቀን የሄዱ ናቸው» አለችኝ። እውነቷን ይሁን ልታሳርፈኝ ብላ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያቺን ወጣት ሐኪም ብጠይቃት ትነግረኝ ይሆናል። አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ፈገግ አለች፤ የልጅ ተንኮል ያለበት ፈገግታ። «አባትሽ ግን ምስኪን፣ እስኪሞት አላወቀም። ገበታ ላይ ያንኑ ሊጥ እያማረረ ይበላና፣ ካንቺ ሲቀበል ግን እንዴት እንደሚጥመው። በሆዴ ስንት ስቄበታለሁ መሰለሽ።»

ዝም ልላት ነበር። ሰማንያ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ያቺ አንዲት ሳቋ ናት፤ ለምን እወስድባታለሁ? ግን የአባዬ ጣት ዓይኔ ላይ መጣብኝ፤ የማይገባበት ጉድጓድ ላይ የምታርፈው።

«እማዬ፣ አውቆ ነበር።»

«ምን?»

«በመጀመሪያው ጉርሻ ነው ያወቀው። እጁ ተለውጧል አለ። ከዚያ በመስኮቱ አንቺን አየሽ። ዱቄት ትነፊ ነበር። በየቀኑ ከመብላቱ በፊት አውራ ጣቱን አንቺ የሠራሽው ጉድጓድ ላይ ያሳርፍ ነበር። ለእናትሽ እንዳትነግሪ አለኝ።»

የእናቴ ዓይኖች ላሜራው ላይ ቀሩ። ስቃዩን ሁሉ፣ ኩርፊያውን ሁሉ፣ ያንን በውሃ እያወረደ ያማረረባትን ገበታ ሁሉ እንደገና የምትነፋው መሰለኝ፤ ሸካራው ከላይ እስኪቀር።

«እና» አለች በመጨረሻ፣ ድምጿ ቀጥኖ፣ «ይጥማል አለ?»

«ይጥማል አለ።»

ራሷን ነቀነቀች። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ የምድጃዬን በር ከፍታ ክንዷን ዘረጋች፤ ያቺን ቀጭን፣ የተሸበሸበች ክንድ፣ አባዬ ያደርግ እንደነበረው፤ ሙቀቱ ቆዳዋ ላይ እስኪደርስ ጠበቀች።

«ደክሟል» አለች። «አሁን አስገቢው።»